ክዳኑ ዝግ ነው የሚል ላፕቶፕ

እንደ ደረጀ ውሸት የሚጠላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ቃሊቲ የምሠራበት ፋብሪካ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። በቀደም ምሳ ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና ታሪኩን አጫወተኝ።

ማሽኑ ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው ስክሪኑ ጠፍቶ ይተኛ ነበር አሉ። ለምን? የሠራው ኩባንያ ውስጡ ጽፎ ያስቀመጠው ሠንጠረዥ «ክዳኑ ዝግ ነው» ስለሚል! ደረጀ የጫነበት፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ የዋህ ነው፤ የተጻፈለትን ያምናል።

ታዲያ ደረጀ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ? ምን ሲደረግ! ሁለት ሳምንት ሙሉ መስመር በመስመር አንብቦ፣ የተስተካከለ ሠንጠረዥ ጻፈ። አሁን ማሽኑ ሲነሳ የኩባንያውን ትቶ የደረጀን ያነባል።

«ጋሼ፣ ዓይናችን እያየ፣ ተጽፏል ተብሎ ዝም ይባላል እንዴ?» አለኝ።

እውነቴን ነው፣ ኮራሁበት። በማግስቱ ተስፋ ሰንቄ ቢሮው ሄድኩ። ጡረታ የምወጣበት ጊዜ ደርሷል፤ ፋይሌ ግን በስህተት ዕድሜዬን በአሥር ዓመት ይቀንሰዋል። በፋይሉ ከሄድን የተቀጠርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም በያጅ ሆኜ!

ደረጀ ፋይሉን አየ፣ ሽበቴን አየ፣ ተመልሶ ፋይሉን አየ።

«ፋይሉ የሚለው ይሄንን ነው፣ ጋሼ።»

«እንደ ላፕቶፑ አታስተካክለውም?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ላፕቶፑ እኮ የራሴ ነው።»

ፋይሉን ዘግቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የእኔ ስም ነበር።