ከላይ የመጣው ጤና ኬላ

ከላይ የሚመጣ ገንዘብ ሁልጊዜ አዛዥ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ለግንብ ተብሎ የመጣው ለግንብ ነው፤ ለደመወዝ ብትነካው ኦዲተር እንጂ ሌላ ሰው አይመጣልህም።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ባቡሩ ገና ጥሩንባውን እየነፋ በአቃቂ በሚያልፍበት ዘመን፣ ከሐዲዱ ማዶ የምንኖረው ሰዎች የምንተዳደረው በክልሉ ነበር። እኔም የወረዳው የዕቅድና ሪፖርት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? የማይሆነውን ማቀድ፣ የሆነውን ደግሞ ካቀድኩት ጋር ማስታረቅ።

ጤና ጣቢያው ያለው ከሐዲዱ ወዲያ፣ በከተማው በኩል ነው። የዕቃው ባቡር ማቋረጫው ላይ ከቆመ ለሰዓታት ይቆማል። ጤነኛ ሰው በፉርጎዎቹ ሥር ሾልኮ ያልፋል፤ ነፍሰ ጡር ግን አትሾልክም። ባለቤቴ ፋንታዬ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስለነበር፣ እውነቱን ልናገር፣ ያ ባቡር በቆመ ቁጥር ሥራዬን ትቼ እስኪነሳ ደቂቃ እቆጥር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የፌዴራሉ መንግሥት ለጤና ኬላ ግንባታ ለክልሉ ድጎማ ሰጠ ተባለ። እልል አልን። ቆይቶ ዝርዝሩ መጣ። ድጎማው ለግንብ፣ ለቆርቆሮና ለአጥር ብቻ ይውላል። ክልሉ ከራሱ ካዝና ድርሻውን ካላዋጣ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ሰኔ እስኪያልቅ ያልተሠራበትም እንዲሁ። ክልሉ ድርሻውን ከየት ያምጣ? ከየወረዳው መደበኛ በጀት ቀነሰ። ከእኛ የተቀነሰው የአንዲት ነርስ ደመወዝ ነው። ነርሷ የምትሠራበትን ቤት ለመሥራት ነርሷ ተቀነሰች ማለት ነው።

የበጀት ኃላፊያችን አቶ ግርማ ይህን ሲያስረዱኝ ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። "አንተ ደግሞ! ቤቱ ይቁም እንጂ ሰው አይጠፋም" አሉኝ። ቤቱ ቆመ። ሰኔ ሳያልቅ ቀለም ተቀባ፣ ሪባን ተቆረጠ። ሰው ግን ጠፋ። ያገኘነው ጋሽ ቶሎሳን ብቻ ነው፤ ዘበኛውን። የመንግሥት ንብረት ያለ ጥበቃ አይተውምና ለእሳቸው በጀት አልጠፋም።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ረፋድ ላይ ፋንታዬን ምጥ ያዛት። ደግፌ ማቋረጫው ድረስ ወሰድኳት። ባቡሩ ተገትሯል። ሞተሩ ተበላሽቶ ሌላ እስኪመጣ እየጠበቁ ነው አሉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ጤና ኬላው በር ላይ እግሯ አልሄድ አላት። ጋሽ ቶሎሳ ባለሙያ በሌለበት መክፈት ክልክል ነው ብለው ሊከራከሩኝ ጀምረው ነበር፤ ፋንታዬ አንዴ ስትጮህ ግን ክልከላውን ረስተው በሩን በረገዱት። የሰፈራችን የልምድ አዋላጅ እማማ ዲንቄ ተጠርተው መጡና መጀመሪያ ያደረጉት እኔን ወደ ውጭ ማባረር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከቀትር በኋላ ሴት ልጄ አለቀሰች፤ እናቷም ደህና ነበረች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ?

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማግስቱ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማስገቢያ ቀን ነበር። በሪፖርት ቅጹ ላይ ከጤና ኬላው ስም ትይዩ ያለው ሣጥን ባዶ ነው። ሣጥን ባዶ መተው ደግሞ ለሪፖርት ሠራተኛ ነውር ነው። ደስታ አስክሮኝ "አገልግሎት መስጠት ጀምሯል፤ አንዲት እናት በሰላም ተገላግላለች፤ ክንውን መቶ በመቶ" ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል ወጣ። ድጎማው ፍሬ አፈራ ተብሎም የምስጋና ወረቀት መጣልን።

ለቀጣዩ ዓመት የነርስ ቅጥር በጀት ስንጠይቅ፣ አቶ ግርማ የክልሉን መልስ ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ጤና ኬላው ያለ ነርስ መቶ በመቶ እየሠራ ስለሆነ ቅጥሩ አላስፈለገም ይላል። ከሥሩም አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ የጤና ኬላው ብቸኛ ሠራተኛ አቶ ቶሎሳ በማዋለድ ሥራ ላሳዩት ውጤት የደረጃ እድገት ተፈቅዶላቸዋል።