«ፍራምፒ» የተባለው የመስኮቱ ቀሚስ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።
ቦታ፦ የልብስ ስፌት ማኅበሩ ፎቅ፣ በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ፤ ደረጃውን የማንንም ክንድ ሳልይዝ እወጣለሁ፤ ምሳዬን ራሴ እሠራለሁ። ፊደሌ ካዘነበለ አንባቢው አንገቱን ያዘንብል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢዋ፣ እሳቸው ጨርቅ ቆራጭም ናቸው፤ ካውያ ተኳሹ፤ አዝራር ሰፊዋ፤ ጸሐፊው። ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ጉባኤው ሙሉ ነው ተብሏል። አምስተኛዋ አባል ሟች ባለቤቴ ናት። ስሟ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ጸሐፊው ቀለም አልቆብኛል ብሏል። የልጄ ልጅ እንግሊዝኛ ስለምታውቅ በአስረጂነት ተጠርታለች፤ ድምፅ የላትም።

አጀንዳ አንድ፦ የቃሉ ትርጉም

ሰብሳቢዋ እንዳስረዱት፣ ሰኞ ዕለት አንዲት ደንበኛ መስኮቱ ላይ ያለውን ቡናማ ቀሚስ አይታ «ፍራምፒ ነው» ብላ ሳታዝ ሄዳለች። ቀሚሱን የሰፋችው ባለቤቴ ናት፤ መስኮቱ ላይ በቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ከዋለ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቃሉ ስድብ ከሆነ መልስ እንዲሰጠው፣ እውነት ከሆነ ቀሚሱ እንዲወርድ ተጠይቋል።

አስረጂዋ፣ ቃሉ ላልተቀደደ፣ ላልቆሸሸ፣ ግን ጊዜው ላለፈበትና ቅርጽ ለሌለው ልብስ እንደሚባል፣ ለባሹንም እንደሚነካ፣ በአብዛኛው የሚባለውም ለሴት እንደሆነ ገለጸች። ጸሐፊው ለወንድ ለምን አይሆንም ብሎ ጠየቀ። ካውያ ተኳሹ ወደ ጸሐፊው እያየ፣ የጋሼን ኮት ያየ ሰው ሕጉን ያሻሽለዋል አለ። ጸሐፊው የመለሰለት በሰብሳቢዋ ትእዛዝ አልተጻፈም።

አዝራር ሰፊዋ ነገሩ በእጥበት ይለቅ እንደሆነ ጠየቀች። ካውያ ተኳሹ ቀሚሱን በየቅዳሜው ሲተኩሰው አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነውና እንዳልለቀቀው መሰከረ።

ቀጥሎ በአማርኛ ምን ይባል የሚል ክርክር ተነሣ። አዝራር ሰፊዋ «ያረጀ ያፈጀ» ስትል፣ ጸሐፊው እሱ እኔ ነኝ እንጂ ቀሚሱ አይደለም ብሎ ተቃወመ። ካውያ ተኳሹ «ጆንያ» ይበቃዋል ሲል፣ ጸሐፊው ሱሪህን ከፍ አድርገህ ካልሲህን አሳይ አለው። ግራውና ቀኙ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ አማርኛው እስኪገኝ ቃሉ በእንግሊዝኛነቱ እንዲቆይ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ቀሚሱ ይውረድ ወይስ ይቆይ

ሰብሳቢዋ በዚህ ዓመት መስኮቱን አይቶ የገባ ሰው ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ አንደኛውም መንገድ የጠፋበት እንደነበር ገለጹ። ጸሐፊው ቀሚሱ ከወረደ እኔም አብሬ እወርዳለሁ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ደግሞ መስኮት ላይ ማን ሰቀለዎት?» አሉ ሰብሳቢዋ።

በሦስት ድምፅ እንዲወርድ ተወሰነ። ጸሐፊው ሁለት ተቃውሞ መዘገበ፤ አንዱ የባለቤቴ ነው። ሰብሳቢዋ የሙት ድምፅ አይቆጠርም ብለው ውድቅ አደረጉት። ቀሚሱ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

አዝራር ሰፊዋ ጥፋቱ የቀሚሱ ይሁን ወይስ ትከሻ የሌላት የአሻንጉሊቷ ይጣራ አለች። አስረጂዋ ለብሳው እንድትታይ ታዘዘች። ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳው ወጣች፤ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች፤ እጆቿን ኪሱ ውስጥ ከተተች። ኪስ እንዳለው ማናችንም አላስታወስንም።

ሰብሳቢዋ ታዲያ ፍራምፒ ነው ወይስ አይደለም ብለው ጠየቁ።

«ነው» አለች። «በደንብ ነው። ግን አላወልቀውም፣ አባባ።»

ጸሐፊው እንደተባለው መዘገበ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ቀሚሱ ከለባሿ ጋር ደረጃውን ወርዶ ስለሄደ፣ ይውረድ መባሉ እንዲሻር፤ ቃሉ ለባለቤቶቹ እንዲመለስና አማርኛ ፍለጋው እንዲቀር፤ የሙት ድምፅ ውድቅ መደረጉ ጭምር ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር። አሻንጉሊቷ ራቁቷን ስለቀረች የካውያ ተኳሹ ሽርጥ ለጊዜው እንዲታሰርላት። ጉባኤው በአሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ተበተነ።

ጸሐፊው ማንንም ሳያስቸግር ራሱ የሚከፍለው ዕዳ፦

ለካውያ ተኳሹ፣ ስለ አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜዎች አንድ ምስጋና፤ በጽሑፍ አይሆንም።
ለደንበኛዋ፣ ተመልሳ ከመጣች፣ የምትቀመጥበት ወንበር።
ለባለቤቴ፣ ቀሚሱን ጨርሳ «ያምራል ወይ?» ስትለኝ፣ ጨርቁ ጠንካራ ነው ብያታለሁ። የዚያ መልስ እስካሁን አለብኝ።