ሳይቀጠሩ የሚያክሙት ጋሽ ወልደገብርኤል

የሱስ ማገገሚያ ቤት በተከፈተ በሳምንቱ፣ ማንም ሳይቀጥረው ሥራ የሚጀምር አንድ ሐኪም አይጠፋም። ነጭ ጋወን የለውም፤ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ትምህርቱን የጨረሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው። አዲስ አበባ፣ መሪ ሰፈር ባለው ማገገሚያ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ወልደገብርኤል ነበሩ፤ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በአረቄ ምክንያት አራት ጊዜ የገቡ፣ በራሳቸው አቆጣጠር ደግሞ ባለ አራት ዲግሪ።

ፈትለወርቅ ልጇን ቢንያምን ልትጠይቅ እሑድ እሑድ ስትመጣ፣ ገና የግቢውን በር ሳታልፍ ይይዟታል።

"እህቴ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ግን..."

ከዚያ "ግን" በኋላ የሚመጣውን ያስቆመ ሰው እስካሁን አልተገኘም። በሽታን የሚለዩት በስኳር ነው። ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ጭንቀት አለበት፤ አምስት የሚጨምር ድብርት፤ ጭራሽ የማይጨምር ደግሞ ልቡ ገና አረቄ ቤት ነው። ዘበኛው ዱሬሳ ሁለት ማንኪያ ስለሚጨምር ጤነኛ መሆኑን አረጋግጠውለታል፤ ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛው እያማረው ፈርቶ ይተወዋል። ነርሷን ሲስተር ሶሬቲን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ "ዝምታሽ አላማረኝም፤ ድብርት ነው" ሲሏት ከርመው፣ ሰኞ ዕለት መንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ መጣች።

"ጥርስም ያስተክዛል" አሉ እንጂ አልተሸነፉም።

አንድ እሑድ ፈትለወርቅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ከሌሎች ጠያቂዎች መሃል ሹልክ ልትል ሞከረች።

"ፊት መሸፈን የፍርሃት ምልክት ነው! ነይ ወዲህ!" አሏት ከሩቁ።

የቢንያም ነገር ግን በስኳር የሚለይ አልነበረም። መጠጥ ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ሰው በሌለበት የሚሰድበው ድምፅ ግን አለ። መጀመሪያም የጠጣው ያንን ድምፅ ዝም ለማሰኘት ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚዋጥ ኪኒን አዞለት፣ ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሄዷል። ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለእናቱ ቁርጡን ነገራት።

"እማ፣ ከዚህ ስወጣ እንጦጦ ጸበል ነው የምገባው። ሁለት ሱባኤ።"

"እሰይ! ኪኒኑስ?"

"ጸበል በባዶ ሆድ ነው፤ ኪኒኑ ከቁርስ ጋር ነው። እንዴት ይሆናል? ደግሞ አምኜ ሄጄ፣ ኪኒን በኪሴ ይዤ እግዜርን ልፈትነው?"

አምናም እንዲሁ ብሎ ነበር የወጣው። ኪኒኑን ትቶ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ድምፁ ተመለሰ፤ በማግስቱ ጠርሙሱ። ፈትለወርቅ ዘንድሮ ደግሞ ቢወድቅ የሚነሳ አልመሰላትም።

ጋሽ ወልደገብርኤል ከኋላ ሆነው ይሰሙ ነበር። በዚያ ግቢ የማይሰሙት ነገር የለም። በሳምንቱ ውስጥ መጀመሪያ ሐኪሙን አናገሩ፤ ቀጥሎ የአንድ ቀን ፈቃድ አስጽፈው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ እንጦጦ ራጉኤል ወጡና አንድ አዛውንት ቄስ አናግረው ወረዱ። እሑድ ሲደርስ እናትና ልጁን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቆመው ተናገሩ።

"ሐኪሙ፣ 'ማታ ከእራት በኋላ ይዋጠው፤ አይጎዳውም' ብሏል። ቄሱ ደግሞ፣ 'ጾሙ ከተፈታ በኋላ ማን ከለከለው? መድኃኒቱንስ ማን ፈጠረውና?' ብለዋል። ላስታርቃቸው ሄጄ ነበር፤ ለካ አልተጣሉም። እኛ ነን ያጣላናቸው።"

ቢንያም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

"ዶክ፣ ለእርስዎ ቀላል ነው። እርስዎ ያለብዎ አረቄ ብቻ ነው። እብድ የተባልኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ከጎኑ ቁጭ አሉ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በአራት የታጠፈ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት አውጥተው ሰጡት።

"እኔ ዶክተር አይደለሁም" አሉ። "ግን" አልተከተለም። "ስነዳ ጋቢና ውስጥ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ ለሌላ ሰው የማይታይ። ከጅማ እስከ ሞያሌ እየሰደበኝ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ እዚህ ስገባ የአረቄውን እንጂ የእሱን አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ። በአራተኛው ነገርኳቸው። አሁን ወርዷል።"

ቢንያም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"የእኔው ኪኒን ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"የአንተውማ ነው። ምን መስሎህ ነው ሶሬቲ ጠዋት ጠዋት ለብቻዬ የምትጠራኝ? ጥርሷን ልታሳየኝ?"

ልጁ ጸበል ሲገባ ፈትለወርቅም አብራው ወጣች፤ ከባሕር ዛፉ ሥር አንዲት ክፍል ተከራዩ። ጋሽ ወልደገብርኤልም በዚያው ሰሞን ከማገገሚያው ወጥተው ኮተቤ ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ቤት ተመልሰዋል። በየምሽቱ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ለፈትለወርቅ ይደውላሉ።

"በላ? ዋጠ? ምላሱን አንስቶ አሳየሽ?"

በመጀመሪያዎቹ ቀናት "ዛሬስ በረሱት" እያለች ነበር ስልኩን የምታነሳው። አሥራ አንደኛው ቀን መጣ፤ ቢንያም እራቱን በልቶ፣ ውጦ፣ ተኛ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ሰዓት ሞላ፤ ስልኩ ዝም። ሩብ አለፈ።

ልጇ ሲተነፍስ እየሰማች ተቀመጠች። ባሏ ዘረሰናይ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። እሱም ይጠጣ ነበር፤ እሱም ከግድግዳው ጋር ይነጋገር ነበር። "ጠጥተህ ነው፤ ተኛ" ትለው ነበር። ድምፆቹ ምን እንደሚሉህ ንገረኝ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችውም። ምናለ እንዲህ ያለ ነዝናዛ ሽማግሌ ያን ጊዜ በሯን ባንኳኳ፣ እሷም በከፈተችለት።

ስልኩን አንስታ ደወለች።

"ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ጠፉ?"

"ትንሽ... ከፍቶኝ ነው።" ድምፃቸው ሰልሏል። "ልጁ ዋጠ?"

"ልጁ ውጧል። እርስዎስ?"

ሽማግሌው ሳሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎስ?"

"ከትናንት ወዲያ ነው የዋጥኩት።"

"በሉ ይነሱ። ሳልዘጋ እጠብቃለሁ።"

ወንበር ሲንቋቋ፣ ውኃ ሲቀዳ ተሰማት።

"ዋጥኩ" አሉ።

"ምላስዎን ያንሱ።"

"በስልክ?"

"በስልክ።"



"አነሳሁ" አሉ። ፈትለወርቅም አመነቻቸው።