ክቡር አቶ ከመጀመሪያው

መጀመር የሚወድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የደብተሩን የመጀመሪያ አምስት ገጾች አስውቦ ጽፎ ቀሪውን ባዶ የሚተው፣ ግድግዳ መቀባት ጀምሮ በሩ ጋ ሲደርስ ብሩሹን የሚጥል አንድ ሰው በየቤቱ አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ክላርኔት ያለው ነው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ይህን ያወቀችው አብሯት በሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነው። ከሥራ ሲመለስ እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ይታጠብና ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። የሚነፋው ዜማ ያምራል። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ ከፍ ይላል፤ ጫፍ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ክላርኔቱ እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ።

«እንደገና ከመጀመሪያው!»

ጎረቤቱ ስሙን ረስቶ «ክቡር አቶ ከመጀመሪያው» ይለዋል። ክቡርነታቸው የማይናወጥ ሕግ አላቸው፤ የተሳሳተ ሰው ካቆመበት አይቀጥልም። ስለዚህ የዜማውን የመጀመሪያ ግማሽ እንደ መልአክ ይጫወቱታል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ግን ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

«እንዴ፣ ይሄ ነገር መጨረሻ የለውም?» አለች አንድ ቀን ለልኬት የቆመች ደንበኛ።

«እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠበቅሁ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌ በጥርሷ እንደያዘች።

የጋራዡ ሠራተኞች የሙዚቃ ባንድ አላቸው፤ መሪው ሁለት ጊዜ ፈትኖ መልሶታል። ባለፈው ሰኞ «እሁድ ና። ሦስተኛህ ነው፤ አራተኛ የለም» አለው። ክቡርነታቸው የዚያኑ ቀን ክላርኔቱን አልጋ ሥር አስገቡት። ማክሰኞ አላወጡትም። ረቡዕም እንዲሁ።

«አንተ፣ ዛሬም አትነፋም?»

«ምን ያደርጋል እትዬ፣ እዚያች ቦታ ስደርስ እጄ ይከዳኛል። ልሽጠውና ልረፍ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ክላርኔቱ ከመምጣቱ በፊት ይህ ሰው ከሥራ መልስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። ቢጠሩት አይሰማም፤ ቢያቀርቡለት አይበላም። ያ ጸጥታ እስከ ዛሬ ያስፈራታል።

ተነስታ ዜማው የተጻፈበትን የኖታ ወረቀት አመጣች። እንደ ጨርቅ ዘርግታ ለካችውና መሃሉ ላይ በመቀስ ቆረጠችው።

«አበድሽ እንዴ!»

«ይሄ የታችኛው ያንተ ነው።» የላይኛውን ግማሽ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

«እሱን እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ!»

«ካወቅኸው ምን ያለማምድሃል? እኔ እጅጌ ላይ አንድ ስፌት ቢጣመምብኝ ቀሚሱን ከአንገቱ ጀምሬ እፈታለሁ? የተጣመመውን ፈትቼ እቀጥላለሁ እንጂ!»

አኮረፈ። ሐሙስ ከሥራ መልስ ግን ከክፍሉ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ወጣ። አስቀያሚ ነበር። እየተደናቀፈ፣ እየጮኸ፣ ግን ወደፊት ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አንስታ አዳመጠች። ቅዳሜ መደናቀፉ ቀነሰ።

እሁድ የጋራዡ አዳራሽ በር ላይ ቆመች። የባንዱ መሪ እርሳሱን ይዞ ተቀምጧል። ወንድሟ ጀመረ፤ ደረጃውን ወጣ፣ ወጣ... እዚያችው ቦታ ላይ ክላርኔቱ ጮኸ።

ከንፈሩን ከክላርኔቱ አላቀቀ። የመሪው እርሳስ ወደ ወረቀቱ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች። አሁን ያንን ቃል ከተናገረ አለቀ።

ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች፤ ከዚያች ቦታ ቀጥሎ ያለውን። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። እሱ ግን አልዞረም። ክላርኔቱን አፉ ላይ መለሰና ዜማውን ከእሷ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ወሰደው። የመጨረሻው ድምፅ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቀም።

መሪው እርሳሱን አስቀመጠ። «ለሦስት ወር በሙከራ። ልምምድ በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ እዚሁ።»

ጎን ለጎን ወደ ቤት ሲሄዱ ወንድሟ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። «እትዬ፣ ተገላገልሽ! ከነገ ጀምሮ በሰላም ትሰፊያለሽ።»



«እዚያ እነሱ ይሰሙሃል» አለችው። «እኔስ?»