ባሕር የሌላት አገር አድሚራል

ባሕርን እንደ እኛ የሚያውቅ ሕዝብ በዓለም ላይ የለም። ምክንያቱም ባሕር የለንም። ባሕር ያለው ሰውማ ስለ ባሕሩ ምን ያውቃል? ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ ያየዋል፣ ያዛጋል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኛ የሌሶቶ ሰዎች ግን ተራራችን ላይ ተሰቅለን ዓመቱን ሙሉ ስናስበው፣ ስናማው፣ ስናማርጠው እንኖራለን። ለዚህም ነው በየቤተሰባችን የታኅሣሥ ዕረፍት በየትኛው የባሕር ዳርቻ እንደሚያልፍ የሚወስን አንድ ሰው የማይጠፋው። ይህን ሰው ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አይሽረውም። «በእኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው የለም» ካላችሁኝ፣ ወይ እየዋሻችሁ ነው ወይ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛ ቤት አድሚራል ራካሊ ማፑሌንግ ናቸው፣ የአባቴ ታላቅ እኅት፤ በእኛ ቋንቋ የአባት እኅት «ራካሊ» ትባላለች። ቡታ ቡቴ ከተማ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ቁመታቸው ከስፌት መኪናቸው ብዙም የማይበልጥ፣ ድምፃቸው ግን ከአንዱ ተራራ ወዲያኛው ተራራ የሚሻገር ሴት ናቸው። ከቤተሰባችን መጀመሪያ ባሕር ያዩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ባሕሩን የፈጠሩትም እሳቸው ይመስላቸዋል።

ክብርት አድሚራል ሠራዊታቸውን ለምክክር የሚጠሩት በሰኔ ነው። ሰኔ በእኛ አገር ዋናው የብርድ ወር ነው፤ ተራራው በረዶ ለብሷል፣ የቧንቧ ውሃ ረግቷል። ሃያ ምናምን ሰው አንዲት ማሞቂያ ከብቦ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ስለ ዋና ይከራከራል።

«ዘንድሮ ማርጌት ብንሄድስ?» ይላል አንዱ ደፋር።

«የማርጌት አሸዋ ይሞቃል።»

«ራካሊ፣ አሸዋ የማይሞቅበት ባሕር አለ እንዴ?»

«ይሞቃል አልኩህ እኮ! የኔ እግር ነው የነገረኝ። ያንተ እግር ምን ነገረህ?»

አንዷ የአጎቴ ልጅ ስልኳን ከፍታ ሰማያዊ ውሃ ታሳያለች። ራካሊ ስልኩን ዞር ብለው እንኳ አያዩትም።

«ባሕር በፎቶ አይመረጥም። ባሏን በፎቶ የመረጠችውን ጎረቤቴን ሄደሽ ጠይቂያት።»

የእሳቸው መስፈርት ሌላ ነው። ባለ ሦስት እግሩ የብረት ድስት የሚጣድበት ሜዳ መኖር አለበት። ዋናተኞችን የሚጠብቀው ሰው ልጆች የወለደ መሆን አለበት፤ «ያልወለደ ሰው የሰው ልጅ አይጠብቅም፤ ጡንቻውን ነው የሚጠብቀው።» ውሃውም ጨዉ ልኩን ያወቀ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተገኘ ባሕር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከደርባን ወደ ደቡብ፣ ስኮትበርግ። ስንት ዓመት ተሰብስበን፣ ስንት ዳርቻ ዘርዝረን፣ ዞሮ ዞሮ ስኮትበርግ። «የስኮትበርግ ጨው ልኩን ያውቃል» ይላሉ፣ ስብሰባውም ያበቃል። እሳቸው ራሳቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ገብተው አያውቁም። እንዴት ቀመሱት ብሎ የጠየቀም የለም። አድሚራል መርከብ ላይ ይቆማል እንጂ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል?

ደግሞም ስንደርስ ውሃውን ዘሎ መንካት ክልክል ነው። እኛ የአዞ ጎሣ ነን፤ ከመካከላችን አዞ ያየ የለም፣ ደህና አድርጎ የሚዋኝም የለም። ራካሊ የሣር ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በዚያ ሐሩር ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ማዕበሉ ጫፍ ላይ ይቆማሉ። የጎሣችንን ውዳሴ ከቅድመ አያት ጀምረው ያወርዱታል፤ ከዚያ አዲስ የተወለደውን፣ አዲስ ያገባውን አንድ በአንድ ለባሕሩ ያስተዋውቃሉ።

«ይሄ ደግሞ ሞሃው ነው፣ የፑሌንግ ባል! ሰነፍ ነው፣ ግን የኛ ነው! እንዳትወስደው!»

ሞሃው ልጃቸውን ያገባ ሰሞን ሳይተዋወቅ ሮጦ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል ሰው ሠራሽ ጥርሱን ነጥቆት ሄደ። «ባሕሩ ምን አጠፋ?» አሉ ራካሊ ያን ጊዜ። «የማን ጥርስ እንደሆነ ማን ነገረው?» ከዚያ ወዲህ ሳይተዋወቅ የገባ የለም።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ላይ ነው የአጎቴ ልጅ ሞትላትሲ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ያደረገው። ሞትላትሲ ጆሃንስበርግ ኢንሹራንስ ውስጥ ይሠራል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ጃንጥላ የሚዘረጋ ዓይነት ሰው ነው። ያለፈው ሰኔ ላፕቶፑን ጭኖ መጣና ከደርባን ወደ ሰሜን፣ በአጥር ግቢ ውስጥ ያለ ትልቅ ቤት አሳየን።

«አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል» አለ።

«የቀሩትስ?» አሉ ራካሊ።

«በተራ ነዋ ራካሊ። ዘንድሮ ግማሹ፣ ለከርሞ ግማሹ።»

«በተራ? ባሕር ወፍጮ ቤት ነው?»

«ይስሙኝ እንጂ። አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ ጩኸት የለም፣ እሳት ማንደድ የለም። ሰላም ነው!»

«አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ ጩኸት የለም። የኔ ልጅ፣ ይሄማ መቃብር ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ሰው የሚቆጥር ባሕር አልሄድም። ከወንድሞቼ ልጆች የቱን ነው በር ላይ የምቀንሰው? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ማንን?»

ሞትላትሲ «ድምፅ ይሰጥ! የኔን ቤት የሚመርጥ እጁን ያውጣ» አለ። በብርዱ ምክንያት እጅ ከብርድ ልብስ ለመውጣት ጊዜ ፈጀ፣ ግን ወጣ። የኔም ወጣ። ሊኔዎን ካገባሁ ሁለት ወር ስላልሞላኝ ጩኸት የሌለበት ቦታ አምሮኝ ነበር። ራካሊ የወጡትን እጆች በዓይናቸው ዞሩባቸውና «እሺ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ዝም አይነቅዝም ብለን ተጽናናን፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ትዝ ያለው አልነበረም።

ታኅሣሥ መጣ። እኛ የተመረጥነው በየመኪናችን ወደ ሰሜን ወረድን። በሩ ላይ ዘበኛው በጨዋ ደንብ ቆጠረን፤ ሕፃን አዝሎ የመጣውን «ይሄም ሰው ነው፣ ይቆጠራል» አለው። ከዚያ በየእጃችን ላይ የፕላስቲክ አምባር አሰረልን።

አልዋሽም፣ ውሃው ያምራል። አሸዋው የተበጠረ ነው። ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም፣ እኛም ሳይታወቀን ማንሾካሾክ ጀመርን። ልጆቹ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ሊኔዎ ውሃው ጫፍ ላይ ቆማ ቀረች።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

«ማን መሆኔን ማን ነገረው?»

«ለማን?»

«ለባሕሩ ነዋ! የሞሃውን ጥርስ ያወራኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

እኔው ላስተዋውቃት ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የአዞ ልጆች...» ከማለቴ ጃንጥላ ሥር የተኛ ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። አፌን ዘጋሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው። የገዛ አያቴን ስም ለመጥራት የማን ፈቃድ ነበር የጠበቅሁት?

በማግሥቱ ጠዋት ሰው መጥፋት ጀመረ። አንዱ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። አንዷ ቤንዚን ልትቀዳ። ሌላው ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ፋርማሲ ፍለጋ ሄደ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹም ሆዳቸውን ሳይቆርጣቸው አልቀረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔና ሊኔዎም መንገዱን ለማየት ብለን ወጣን። መንገዱ ደርባንን አልፎ፣ ወደ ደቡብ እየወረደ፣ ስኮትበርግ ድረስ ታየን።

ከሣሩ ሜዳ ላይ የድስቱ ጭስ ከሩቅ ይታያል። ራካሊ «በተራ» የተባሉትን በሙሉ፣ ቦታ ስለተረፈም ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ጭምር፣ በሚኒባስ ጭነው መጥተዋል። የዝንጅብል መጠጡ በባልዲ ቀርቧል። ዳቦ ገዢው እዚያ ነው። ቤንዚን ቀጂዋ እዚያ ናት። ከድስቱ አጠገብ ደግሞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በላብ ተጠምቆ፣ የበቆሎ ገንፎ የሚያማስለው ሰውዬ ሞትላትሲ ነው።

«አንተ! መቼ መጣህ?» አልኩት።

«ዝም ብዬ ቤቱን... ኢንሹራንሱን ላረጋግጥ...» አለና ተወው። «ማታውኑ ነው የመጣሁት። እዚያ ቤት እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ማንም አያንኮራፋም።»

ራካሊ «ብያችሁ ነበር» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ራካሊ ከቦርሳቸው የማይለየውን የክር መቀስ አውጥተው «እጅህን አምጣ» አሉኝና አምባሬን ቆረጡት። የሊኔዎን ቆረጡ። የሞትላትሲንም ቆረጡና «ገንፎው እንዳያርርብህ» ብለውት ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ ውሃው ሄዱ። ሊኔዎን ክንዷን ይዘው ማዕበሉ ጫፍ ላይ አቆሟት።

«ባሕር ሆይ፣ ስማ! ይቺ ሊኔዎ ናት! ከአንበሳ ጎሣ ተወለደች፣ አሁን ደግሞ የኛ ናት! ትናንት አንድ በር ላይ ቆጥረዋታል። አንተ አትቁጠራት፣ እወቃት!»

ሊኔዎ እየጮኸች እስከ ወገቧ ገባች። ከዚያ ዞር ብላ እጇን ዘረጋች። «ራካሊ፣ ይምጡ እንጂ! ይግቡ!»

«እኔ እዚሁ ይበቃኛል።»

«ለምን? እርስዎን ማን አስተዋወቀዎት?»

ከእኛ አንዳችንም ስንት ዓመት ያላሰብነውን፣ ሁለት ወር ያልሞላት... ይቅርታ፣ ስምንት ወር የሞላት ሙሽራ ጠየቀችው። ራካሊ እግራቸውን ያጠበውን አረፋ አዩ።

«ማን ያስተዋውቀኛል ልጄ? ከኔ በፊት ማን መጣ?»

አንጀቴን በሉት። ለእያንዳንዳችን ባሕር ሲመርጡ፣ ሲማልዱ፣ ሲጮኹ የኖሩት ሴትዮ እሳቸውን የሚያስተዋውቅ ታላቅ ስላልነበራቸው ብቻ ዳር ቆመው ቀርተዋል። ሞትላትሲ ማማሰያውን ወርውሮ እየሮጠ መጣ። ከአሥር ዓመት ወዲህ ከመሥሪያ ቤት ስልክ በላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው ያን ውዳሴ ጀመረው፣ እኔም ተከተልኩት።

«አያትህን ዘለልክ!» አሉ ራካሊ።

አያቱን መለሰ። የውዳሴውን ድንጋይና ወንዝ ቀላቀለ፣ አረሙት፣ ቀጠለ። የቀረነው ከኋላው ተቀበልን፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ተቀበለ፤ የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሥጋ ጥብሳቸውን ትተው አጨበጨቡ።

«እኚህ ማፑሌንግ ናቸው!» ብሎ ጮኸ ሞትላትሲ ድምፁ እየተሰነጠቀ። «ግትር ናቸው! ለሌላ ሰው ሐሳብ አያስተርፉም! ግን የኛ ናቸው! እንዳትወስዳቸው!»

ራካሊ ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ብርድ ልብሳቸውን አልሰጡም። ከነቀሚሳቸው ቀጥ ብለው ገቡ፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። ትልቁ ማዕበል መጣና ሸፈናቸው። ከወዲያ ብቅ አሉ፣ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ እየተፉ።

«ማነው ይሄን ሁሉ ጨው የሞጀረበት?!»

ያ ልኩን የሚያውቀው ጨው! ሳቅ ገደለን። ሞትላትሲ ግን የኢንሹራንስ ሰው ነውና አጋጣሚዋን አላሳለፋትም።

«እንግዲያው ለከርሞ ሌላ ባሕር እንምረጥ፣ ራካሊ?»

የከበደ ብርድ ልብሳቸውን እየጨመቁ አዩት። «ዝም በል! ሌላ ቦታ ሄጄ እንደ አዲስ ማን ሊያስተዋውቀኝ ነው? ይሄኛው ያውቀኛል» አሉና ተመልሰው ገቡ።