ሰሜኖቹን በቀይ

ሰው ፈሪ ነህ ሲባል ለምን እንደሚቆጣ አይገባኝም። ፍርሃት ዕድሜ ያረዝማል። እኔ ቦንጋ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩት፣ ግምገማ ላይ አንድም ቀን እጄን ሳላወጣ የከረምኩት በፍርሃት በረከት ነው። ታዲያ እንዲህ የምጠነቀቅ ሰውዬ ምን ነካኝና ሞተር ልሥራ አልኩ?

ሞተሩ ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ክብ ብረቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከተበላሹ ስፒከሮች የፈታኋቸው ማግኔቶች ይደረደሩባቸዋል፤ መሃላቸው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ይገባል። ማግኔት መቼም ሰሜንና ደቡብ የሚባል ፊት አለው። ዕቅዱን የጻፍኩት ስብሰባ ላይ፣ እንቅልፍ ከሚወስደኝ ብዬ፣ እኔው ጸሐፊ በሆንኩበት የቃለ ጉባኤ ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ደብተሩን እንደ ደንቡ ለሰብሳቢያችን ለአቶ አስራት አስረከብኩ። ትዝ ያለኝ እራት ላይ ነው።

የጻፍኩትን ልንገራችሁ፦ «ሰሜኖቹ በቀይ ተለይተዋል። ስምንት ናቸው። ሁለት ሰሜን ጎን ለጎን አይቀመጥ፤ መሃላቸው ደቡብ ይግባ። የቀሩት ከሺሺንዳ ከተማ ይመጣሉ። እስኪዞር ድረስ ለማንም አይነገር።»

ፊዚክስ ነው። ግን ሰው በዘሩ በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ በደቡብ ክልል፣ ይህን ፊዚክስ ነው ብሎ የሚያነብ ማን አለ? አቶ አስራት ደግሞ አባታቸው ከጎጃም የመጡ ናቸው።

በማግስቱ አስጠሩኝ። ባለቤቴ ለእስር ቤት ይሆነዋል ብላ ብርድ ልብስ ጠቀለለችልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልጆቼን ዳግመኛ የማያቸው አልመሰለኝም። ብርድ ልብሴን ታቅፌ ቢሮ ስገባ ግን ከእኔ ይልቅ የገረጡት እሳቸው ናቸው። በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ከስምንቱ አንዱ እኔ ነኝ ወይ?» አሉኝ።

ስለ ማግኔት ብዙ አስረዳሁ። ካላየሁ አላምንም አሉ። መስኮት የሌለው ዕቃ ቤቴ ወሰድኳቸው፤ አምፖሉን አበራሁና ሞተሩን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ለምን አይዞርም ብለው በጥርጣሬ ጠየቁኝ።

ስህተቱን ወዲያው አየሁት። ሁለት ሰሜኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ተነስቶ ቦታውን ለደቡብ መልቀቅ አለበት። ይህን በየትኛው አፌ ለአቶ አስራት ልንገራቸው?

«መብራት ጠፍቶ ነው» አልኳቸው።

እሳቸውም ዓይናቸውን ከሁለቱ ቀዮች ላይ አንስተው፣ ከራሳችን በላይ የበራውን አምፖል ቀና ብለው አዩና፣ «አዎ፣ ጠፍቷል» አሉ።