ተራ አይለመንም

እልል በሉ! ሰልፍ አቋርጠው አለፉ! በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለት መቶ ሰው ቆሞ እያየ፣ ከመሀል ወጥተው ፊት ሄደው አለፉ! ዛሬ ጠዋት ወሬውን በስልክ ስሰማ የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከእኔ በፊት የሰማ ሰው ካለ ይማል፤ የለም።

ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንተማመን፤ ሰልፍ አስከባሪ የሌለበት ሰፈር የለም። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝ የለውም፣ የሚያመሰግነውም የለም። ሁለት ሰዎች ተከታትለው ከቆሙ ግን ከየት እንደበቀለ ሳይታወቅ አጠገባቸው ይገኛል። «አንተ ልጅ፣ ከማን ቀጥሎ ነህ?» ይላል። እናንተም ሰፈር አለ። ስሙን እየጠራችሁት እንደሆነ ከዚህ ይሰማኛል።

የእኛ ሰፈር ሰልፍ አስከባሪ የታላቅ ወንድሜ ባለቤት ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆነው ስለኖሩ ትልቅ ትንሹ «እትዬ ምክትል» ይላቸዋል። ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከሰልፉ አይደለም። ቦርሳቸው ውስጥ መነጽርና መሀረብ ይኖራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ጠመኔ አይጠፋም። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ በየማለዳው ነጭ መስመር የሚያሰምሩት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ ምክትል፣ እኔ እኮ አንድ ዳቦ ብቻ ነው የምገዛው» ይላል አንዱ ብልጥ።

«የምትቆመውም በአንድ ሰው ቦታ ነው። ወደ ኋላ!»

ሕጋቸው አጭር ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ይዞታል። «ተራ አይሸጥም፤ ተራ አይለመንም። የሚሰጥ ካለ ይስጥ።» ሌላም አለ፤ «ከሰልፍ የወጣ መጨረሻ ይቆማል።» በዚህ ሕግ ከወንድማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ተጣልተዋል።

ባለቤታቸው፣ ማለትም ወንድሜ፣ ልብስ ሰፊ ነው። በመርፌና በክር እንጂ በቃል ሲናገር ብዙም አይሰማም። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ሲኖር ድምፁን ከፍ ያደረገው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም መርፌ ወግቶት ነው። ከስፌት ማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ ሥዕል ለሃያ ዓመት ተለጥፎ ኖሯል። ባሕር፣ ከባሕሩ ፊት አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ማንም የለም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይኼን ባዶ ወንበር ለምን ትወደዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እጅጌ እየገጠመ «የሁለት ሰው ቦታ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ የቆመች ሚስት ያገባ ሰው የሚመኘው ሌላ ምን አለ?

ዘንድሮ ልጃቸው የአውሮፓ ቲኬት ልካላቸው አንድ ሳምንት እንዲያርፉ ተባለ። መድረሻቸው ትንሽ ደሴት ናት። ጉዞው ዘጠኝ ሰዓት በአንድ አውሮፕላን፣ ከዚያ በሌላ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ትንሹ ወደ ደሴቲቱ የሚበረው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያመለጠው ሰው ደሴቲቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያያታል ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ሲያውቅ እንቅልፍ አጣ። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ደግሞ ሥዕሉ ከግድግዳው ጠፋበት። የጨርቁን ቁልል ሁሉ ገልብጦ ቢፈልግ አጣው። «ገዱ ጥሩ አይደለም» አለኝ ፊቱን አጥቁሮ።

ገና ከአገር ሳይወጡ ሻንጣ ማስመዘኛው ጋ ሕዝቡ እንደ ንብ ሰፍሮ ጠበቃቸው። እትዬ ምክትል ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ጎንበስ አሉ፣ የሚያብረቀርቀው ወለል ላይ መስመር አሰመሩ። ሕዝቡም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቆመበት! የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ በእርጥብ ጨርቅ ስታጠፋው እንኳ ሰዉ መስመሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ፍተሻ ላይ ጠባቂው ጠመኔውን አንሥቶ ግራ ተጋባ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ እናቴ?»

«መድኃኒት ነው» አሉ እትዬ ምክትል።

«የምን?»

«የግፊያ።»

አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ተነሣ። ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ቀበቶውን አሰረ፤ የእሳቸውንም በእጁ አሰረላቸው። አጥብቆ ነበር። ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት እንደጠፋ ግን እትዬ ምክትል አንገታቸውን መዘዝ አድርገው ወደ ኋላ ተመለከቱ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ሰው ተጋፍቷል። «አሁን መጣሁ» አሉ። ይህ «አሁን» ሰባት ሰዓት ፈጀ።

ከምግብ ጋር በታደለው የወረቀት መሀረብ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር እየጻፉ ለሰዉ አደሉ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ደንዳና ነጋዴ ወገቧን ይዛ መጣችባቸው።

«እሜቴ፣ እኔ ለአንድ ደቂቃ ነው።»

«ሁሉም የሚገባው ለአንድ ደቂቃ ነው። አሥራ አራት ቁጥር ነሽ።»

«የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ሾመዎት?»

«አሥራ ሦስት ቁጥር፣ ግቢ!» አሉ እትዬ ምክትል፣ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሰው።

ቢጫ ሻሿ እየተነጫነጨች ቆመች። በኋላ ግን አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ ስትመጣ፣ እትዬ ምክትል ለራሳቸው የያዙትን ቁጥር አውጥተው ሲሰጧት አየች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ሁለተኛ ያወጡትንም ቁጥር ለእሳቸው ሰጡ። ነጋዴ ዓይን የማያየው የለም። ከዚያ ወዲህ መነጫነጯን ተወች።

ወንድሜ በዚህ መሀል ብቻውን ነበር። ከክንፉ በታች ባሕሩ ተዘረጋ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነው። መቀመጫው ላይ ተንጠራርቶ በእጁ ጠራቸው።

«ነይ እዪ! ባሕሩ! ነይማ!»

«ቆይ፣ ዘጠኝ ቁጥር ገና አልወጣም!»

ባሕሩ ዘጠኝ ቁጥርን አልጠበቀም። ደመና ሸፈነው። ወንድሜም አጠገቡ ባለው ባዶ መቀመጫ ላይ ቀበቶውን መልሶ አሰረው፤ ሰው ያለበት እንዲመስል።

ሲያርፉ ለሁለተኛው አውሮፕላን የቀራቸው አርባ ደቂቃ ነበር። ፓስፖርት የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ ሰልፉ በገመድ መሀል እንደ አንጀት ተጠማዝዟል። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ወንድሜ ሰዓቱን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ጨርቅ ሲያጥር በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይኼኛው ጨርቅ አጥሯል።

«ሠላሳ ደቂቃ ቀረን» አለ።

«አየሁት።»

«የፊተኞቹን እንለምናቸው።»

«ተራ አይለመንም።»

«አውሮፕላኑ እኮ ይሄዳል!»

«ይሂዳ! ይኼ ሁሉ ሰው የቆመው መቆም ወድዶ ነው?»

ወንድሜ ኮቱን ቆለፈ። ከዚያ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በገመዱ ሥር ሾልኮ ወጣና ወደ ፊት ሄደ። ልብስ ሰፊው! ተራ እንዳይነካ ብሎ በገዛ ሱቁ የራሱን ሱሪ መጨረሻ የሚሰፋው ሰው!

«አንተ! ምን ነካህ? ተመለስ!» አሉ እትዬ ምክትል። አልዞረም። ሊመልሱት ተከተሉት። «ይቅርታ፣ ባለቤቴን ልመልስ ነው… ይቅርታ፣ ልመልሰው ነው…» እያሉ ሃያውን አለፉ፣ ሃምሳውን አለፉ፣ እጅጌውን ሲይዙት መስኮቱ ፊት ደርሰዋል።

«አሳፈርከኝ» አሉት በሹክሹክታ።

«እሺ፣ አሳፍሬሻለሁ» አለ ወንድሜ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ከኋላሽ ቆሜያለሁ፤ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ላይሽ ፈልጌ ነው።»

ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ አያውቅም። እትዬ ምክትል ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይሁን እንጂ ሕግ ሕግ ነው። እጁን ይዘው ዞሩ።

«ከሰልፍ የወጣ መጨረሻ ይቆማል። ና።»

ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ከሰልፉ ፊተኛ ጫፍ አንድ ሰው መንገድ ዘጋባቸው። ቢጫ ሻሽ!

«እሜቴ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ መጨረሻ።»

«አውሮፕላናችሁስ?»

እትዬ ምክትል በጎኗ ሊያልፉ ሞከሩ።

«ያን ሁሉ ሰዓት ሽንት ቤት በር ላይ ሲያስተምሩን ምን ነበር የሚሉት? ተራ አይሸጥም፣ አይለመንም፣ ከዚያስ?»

«…የሚሰጥ ካለ ይስጥ።»

«እኔ አሥራ አራት ቁጥር ነኝ» አለች፣ የተጨማደደውን ወረቀት ከደረቷ አውጥታ። «ሰጥቻለሁ። ማን አለ ከኋላዬ?»

«ዘጠኝ ቁጥር ሰጥቻለሁ!» አለ አንዱ። «ሃያ ሁለት!» «ሰባት፤ እኔም ሰጥቻለሁ!» ወረቀቱ እንደ ነጭ ርግብ ከሰልፉ ውስጥ ብድግ ብድግ አለ። አራሷ እጇ ስላልበቃት የልጇን እጅ አነሣች።

ይህ ለሌላ ሰው ይበቃል፤ ለእትዬ ምክትል ግን አይበቃም። ከሌላ አውሮፕላን የመጡትስ? እነሱን ደግሞ በምልክት እየጠየቁ፣ ጆሮውን በማዳመጫ የደፈነውን አንድ ረጅም ጎረምሳ ሳይቀር ማዳመጫውን አስወልቀው፣ ራሱን በእሺታ እስኪነቀንቅ ጠብቀው ነው ፓስፖርታቸውን ያቀረቡት። ከዚያ ሮጡ። ወንድሜ እንደሚለው ሚስቱ ስትሮጥ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በሠርጋቸው ማግስት ነው፤ ያኔም ያባረሩት ሰልፍ ያፈረሰ ልጅ ነበር። የትንሹ አውሮፕላን በር ሊዘጋ ሲል የመጨረሻ ሆነው ገቡ። መጨረሻ በመሆናቸው ትንሽ መጽናናታቸው አልቀረም።

ጠዋት የደወለልኝ ከባሕሩ ዳር ሆኖ ነው። አግዳሚ ወንበር አግኝተዋል። ሊቀመጥ ሲል «ቆይ» አሉት እትዬ ምክትል። ከቦርሳቸው፣ ከጠመኔው ሥር፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡና ከፈቱት። የጠፋው የቀን መቁጠሪያ ሥዕል! አንድ ጊዜ ሥዕሉን፣ አንድ ጊዜ ወንበሩን አዩ። የጣውላውን ብዛት ቆጠሩ።

«ልክ ነው» አሉ። «ተቀመጥ።» እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ።

«እስከ አሁን ተቀምጠዋል?» አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ሆናት» አለ ወንድሜ፣ ድምፁ እየሳቀ። «ቆይ… አይስክሬም ሻጩ ጋ ሰው እየተጋፋ ነው… አየቻቸው… አይ፣ ተቀምጣለች!»

ስልኩን ተቀበሉትና «የዳቦ ቤቱ ሰልፍ እንዴት ነው?» አሉኝ። «እንደ ክር ቀጥ ብሏል!» አልኳቸው። ውሸቴን ነው። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ሰዉ በክንድ ነው የሚገዛው። ግን አንድ ነገር እውነት ነው፤ መስመራቸው ደብዝዞም ቢሆን አለ፤ እስከ ዛሬ ማንም በእግሩ አላጠፋውም። በነገራችን ላይ፣ በዚያ መስመር ላይ ለአራት ዓመት መጨረሻ ዳቦ ሲገዙ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ለአራስ ሰጥተው፣ ለበሽተኛ ሰጥተው፣ ብዙ ቀን የተቃጠለው ነበር የሚደርሳቸው። አሁን ሳይኖሩ ነው ልብ ያልኩት።

በሉ ልሂድ፣ ዳቦ ቤቱ አሁን ሰው ሞልቶበታል። እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ ፊት ብሄድ የሚከለክለኝ የለም። ግን መጨረሻ ነው የምቆመው። ከፊቴ ላለው ሰው እነግረዋለሁ፤ እሱም ከፊቱ ላለው ይነግራል፤ ወሬው ተራውን ጠብቆ ይደርሳል።